በር የተዘጋበት አማና

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም ለፍጡራን እዝነት ሆነው በተላኩት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ብዙዎቻችን ስሙ ሲጠራ ፊታችንን የምናዞርበት ነው። «ይህ ደግሞ በእኛ ጋዜጣ ምን ይሠራል?» የሚል ወንድም ወይም እህት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ጥያቄው ወደኛ ከመጣ ሰንብቷል። የመጣውም ከባዕድ ሳይሆን አሜሪካ ሄደው ልጆች ከሚያሳድጉ የገዛ ወገኖቻችን ነው። ዝም ያልነው ጥያቄ አይጠፋም፤ እኛ ዝም ስንል ሌላው ይመልሰዋል እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ ክረምት በሚሆንባቸው ወራት አሜሪካ በጋ ነው፤ ትምህርት ቤቶችም ይዘጋሉ። እኛ ልጆቻችንን በክረምቱ ቁርኣን እንዲቀሩ ወደ መድረሳ እንደምንልክ ሁሉ፣ ብዙ የአሜሪካ ወላጆችም ልጆቻቸውን ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ወደ ሐይቅ ዳርና ወደ ጫካ ይልካሉ። ይህን «ካምፕ» ይሉታል። ልጆቹ በእንጨት ቤቶች አብረው ያድራሉ፤ ይዋኛሉ፤ ታንኳ ይቀዝፋሉ፤ በቀስት ዒላማ ይመታሉ፤ ማታ ማታ እሳት ከበው ይጫወታሉ።

ከእነዚህ ካምፖች አንዱ «አራኑቲክ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒክ ቴይች በተባለ ሰው ተመሥርቶ በተከታዩ ዓመት በ2010 የመጀመሪያዎቹን ልጆች ተቀበለ። ቁጥራቸው ወደ 40 ይጠጋ ነበር። ካምፑ የተቋቋመው ትራንስጀንደር ለሚባሉት ልጆች ነው፤ ይኸውም ሲወለዱ ወንድ ወይም ሴት ተብለው ተመዝግበው ውስጣቸው ግን ከዚያ ጋር አልስማማ ላላቸው ነው። እንዲሁም አለባበሳቸውና አኳኋናቸው ከተለመደው የወንድና የሴት ወግ ወጣ ላለባቸው ልጆች ነው። መሥራቹ ራሱ ሲወለድ ሴት ተብሎ የተመዘገበ፣ ኋላ ግን በወንድነት የሚኖር ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካምፑ የት እንዳለ በይፋ አይነገርም ነበር፤ ለልጆቹ ደኅንነት ተብሎ።

ልብ በሉ! ልጆች ያለ ስድብ ይዋኙ ዘንድ ቦታው መደበቅ ነበረበት። ካምፑ የሚሰጣቸው ነገር ሌላ የተለየ ምሥጢር የለውም። መዋኘት ያው መዋኘት ነው፤ ታንኳውም ያው ታንኳ ነው። ልዩነቱ በዚያ ሳምንት የሚስቅባቸው ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው።

ከዚህ ጀርባ ያለውን ጉዳት አሐዝ ይናገረዋል። የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ባካሄደው ጥናት፣ ትራንስጀንደር ነን ካሉት ተማሪዎች ከ4 አንዱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ ራሱን ለማጥፋት ሞክሯል። «ትሬቨር ፕሮጀክት» የተባለው ድርጅት በ2019 ባወጣው ጥናት ደግሞ፣ ትራንስጀንደሮችን ጨምሮ በጾታ ማንነታቸው ወይም ዝንባሌያቸው ከተለመደው ወጣ ካሉ ወጣቶች መካከል የሚቀበላቸው ቢያንስ አንድ አዋቂ ያላቸው፣ ራስን ለማጥፋት የመሞከራቸው ነገር በ40 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ አዋቂ! መላው አገር አይደለም፣ መላው ጀመዓ አይደለም፤ አንድ ሰው።

አንድ አባት ከዚያው ከአሜሪካ ደውሎልኝ ነበር። «ኡስታዝ፣ የ15 ዓመት ልጄ እንደነዚያ ነኝ አለኝ። ከዚህ በኋላ ቤቴን እንዳትረግጥ ብዬ አስወጣሁት። ሦስት ቀን ሆነው። ለዲኔ ብዬ ነው ያደረግኩት፤ ትክክል አይደለሁም እንዴ?» አለኝ። እኔም ስለ ሑክሙ ከመናገሬ በፊት «ትናንት ማታ ልጁ የት አደረ?» ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «አላውቅም» አለ። «እንግዲያው የፊቅሁ ጥያቄ ይቆይህ፤ ይኸኛው ግን ለነገ አይባልም። ሂድና ልጅህን ፈልግ» አልኩት።

ውድ አንባቢያን! ዛሬ የምጽፈው ያን ቀን በስልክ ያልጨረስኩትን ንግግር ነው። ሁለት ነገሮች ተቀላቅለውብናልና እንለያቸው። አንደኛው ዑለማዎች የሚወያዩበት ነው፤ ሁለተኛው ማንም የማይወያይበት ነው።

ዑለማዎች የሚወያዩበትን እናስቀድም። የፊቅህ ሊቃውንት ገና ከጥንት ጀምሮ ወንድነቱና ሴትነቱ በአካሉ ስላልተለየ ሰው፣ «ኹንሳ» ብለው በየኪታቦቻቸው ምዕራፍ ከፍተዋል። በሶላት የት እንደሚቆም፣ በውርስ ምን እንደሚደርሰው ጽፈዋል። እኛ በሰፈር እንደ ስድብ የምንወረውረውን ጉዳይ እነርሱ በአክብሮት መርምረውታል። እንዲሁም ሆን ብለው ሴትን የሚመስሉ ወንዶችንና ወንድን የሚመስሉ ሴቶችን የሚያወግዝ ሐዲስ በቡኻሪ ተዘግቧል። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ አልደብቅምም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1277 ያረፉት ኢማም አን-ነወዊ የሙስሊምን ሶሒሕ ሲያብራሩ፣ በተፈጥሮው አካሄዱና አነጋገሩ ሴት የሚመስለውን ሰው ሆን ብሎ ከሚያስመስለው ለይተዋል። የመጀመሪያው በፈጠረው ነገር አይደለምና ወቀሳም ኃጢአትም የለበትም ብለዋል።

ወደ ቅርብ ዘመን ስንመጣ፣ የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ ሰይድ ጠንጣዊ እ.ኤ.አ. በ1988 በሰጡት ፈትዋ፣ በአካል ውስጥ የተሸፈነ ተፈጥሮ በታመኑ ሐኪሞች ሲረጋገጥ ሕክምናው እንደሚፈቀድ፣ በምኞት ብቻ ግን እንደማይፈቀድ ገልጸዋል። አብዛኞቹ የሱኒ ዑለማዎችም በዚሁ መሥመር ላይ ናቸው። በሺዓዎቹ ኢራን ደግሞ አያቶላ ኹመይኒ በ1980ዎቹ ከዚህ ሰፋ ያለ ፈቃድ ሰጥተዋል። ስለዚህ ጾታን በተመለከተ የአሜሪካው ካምፕ የሚከተለው አመለካከትና አብዛኞቹ ዑለማዎቻችን የሚያስተምሩት አንድ አይደለም። እኔም ብዕሬን ያነሳሁት ያን ካምፕ ለማወደስ፣ ወይም ፈትዋ ለመስጠት አይደለም። ፈትዋ ባለቤት አለው።

ማንም የማይወያይበት ግን የቱ ነው?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ሰዎች ሰዎችን እንዳያላግጡ፣ በመጥፎ ቅጽል ስምም እንዳይጠራሩ ከልክሏል። አንቀጹ «እንዲህ ካልሆነ ሰው በስተቀር» የሚል ማለፊያ የለውም። ታዲያ «ሴታሴት» እያልን ያሸማቀቅነው ልጅ፣ «ወንዳወንድ» እያልን አንገቷን ያስደፋናት ልጅ፣ ከዚህ አንቀጽ ውጭ ናቸውን? ስንቱ ልጅ ነው ገና ስለ ራሱ ምንም ሳይናገር፣ በድምፁ ቅጥነትና በአረማመዱ ብቻ የሰፈር መሳቂያ ሆኖ ያደገው? ስንቱስ ነው በመስጂድ በር በሚሰማው ሹክሹክታ ምክንያት ከጁሙዓ የቀረው?

ሁለተኛም፣ ልጅ አማና ነው። እያንዳንዳችን እረኞች እንደሆንን፣ ስለምንጠብቀውም እንደምንጠየቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ራሱን ችሎ ማደር ያልቻለን ልጅ ማብላት፣ ማልበስና ማስጠለል በአባት ላይ ግዴታ ነው። ይህ ግዴታ ልጁ ሲያስደስተን የሚኖር፣ ሲያስከፋን የሚፈርስ ውል አይደለም።

ነቢዩላህ ኑሕን (ዐ.ሰ.) አስቡ። ልጃቸው የካደ ነበር። ማዕበሉ እንደ ተራራ በተነሳበት በዚያ የመጨረሻ ሰዓት እንኳ ከመርከቡ ሆነው ልጃቸውን ወደኔ ና ብለው ተጣሩ። እምቢ ያለው ልጁ ነው፤ በር የዘጋው አባት አይደለም። ነቢዩላህ የዕቁብንም (ዐ.ሰ.) አስቡ። ልጆቻቸው ወንድማቸውን ጉድጓድ ጣሉ፤ በሐሰተኛ ደምም አባታቸውን አታለሉ። ሆኖም ከቤታቸው አላባረሯቸውም፤ በመጨረሻም ምህረት ጠየቁላቸው። ልጁ ወደሳቸው ሊሮጥ በሚገባው ሰዓት ከሳቸው እንዲሸሽ ያደረገ አንድም ነቢይ አናገኝም።

የነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) አያያዝ በአንድ ወጣት ታሪክ ይታያል። ኢማም አሕመድ ከአቡ ኡማማ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ አንድ ወጣት መጥቶ ዝሙት እንዲፈቀድለት በግልጽ ጠየቀ። ሰዎቹ ጮኹበት። እርሳቸው ግን ቀረብ በል አሉት፤ ተቀመጠ፤ በእርጋታ አነጋገሩት፤ እጃቸውን አኑረውበት ዱዓ አደረጉለት። የዚህ ወጣት ጥያቄና ዛሬ የምንናገርለት ልጅ ጉዳይ አንድ ነው አላልኩም። የምለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። በመጀመሪያ ቀረብ በል ተባለ፤ ንግግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። እኛስ? እኛ የምንጀምረው ከጩኸቱ ነው፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ላይ እንጨርሳለን።

«ልጁን ቤት ካስቀመጥኩ ነገሩን አጸደቅኩ ማለት አይደለምን?» የሚል ወላጅ ይኖራል። አይደለም! ሶላት የተወ ልጅ ያላቸው ስንት ወላጆች በየቤታችን አሉ? እያዘኑም፣ እየመከሩም፣ ዱዓ እያደረጉም እራቱን ያቀርቡለታል። እራት ማቅረባቸው ሶላት መተውን ማጽደቅ ነው ያላቸው ማንም የለም። ታዲያ በዚህኛው ልጅ ላይ ብቻ ሚዛኑን ለምን እንለውጣለን? ለአላህ ብለን ነው ወይስ ጎረቤት ምን ይለኛል ብለን? ይህን እያንዳንዳችን ቀልባችንን እንጠይቅ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር በቤቱ የገጠመው ወላጅ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ልጁ በቤቱ ይደር። ሁለተኛ፣ ዱላና ስድብ ይቁም፤ ወንድሞቹና እህቶቹም እንዳያላግጡበት ይገሠጹ። ሦስተኛ፣ ምሥጢሩ ይጠበቅ። የልጅን ገመና በየለቅሶ ቤቱና በየሠርጉ ማውራት ሐሜት ነው። አራተኛ፣ ልጁ ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ፣ ከሰው ከራቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ካጣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ። አምስተኛ፣ ሳይቆጣ የሚያዳምጥ ዓሊም ይፈለግ። «አገር ቤት ልከን እናስተካክለው» የሚለው ምክር ደግሞ ይቅር። ልጁን ቋንቋውን ወደማያውቅበትና ችግሩን ወደማይነግርበት ቦታ መወርወር መፍትሔ አይደለም፤ ከዓይን ማራቅ ብቻ ነው።

ለኢማሞቻችንና ለኡስታዞቻችንም አንድ ነገር ልበል። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 አንድ መድረሳ ተከፍቷል። የሚማሩበት በአገሩ «ሂጅራ» የሚባሉት፣ በልጅነታቸው ብዙዎቹ ከቤተሰብ የተባረሩና በየመንገዱ እየለመኑ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የመድረሳው ኡስታዞች የዓለምን ክርክር አልፈቱም። ያደረጉት ነገር ቢኖር፣ ቁርኣን መቅራት ለሚፈልግ የአላህ ባሪያ ምንጣፍ አንጥፎ ማስቀመጥ ነው። ይህን ማድረግ ከየትኛው መስጂድ አቅም በላይ ነው?

ውድ አንባቢያን! በአሜሪካ ጫካ ውስጥ ያለው ካምፕ ለአንድ ልጅ የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ነው። ዓመት ግን 52 ሳምንት አለው። የቀሩት ሳምንታት የቤት፣ የትምህርት ቤትና የመስጂድ ናቸው። በእነዚያ ሳምንታት ልጁ የሚስቅበት ሰው ብቻ ካገኘ፣ ጫካውን መርጦ ቢናፍቅ በማን እንፈርዳለን? እዝነትን ለዓለም ልናስተምር የተላክን ሕዝቦች ነን እያልን፣ የገዛ ልጃችን እዝነት ፍለጋ ከእኛ ከሸሸ፣ የጎደለው እኛ ዘንድ ነው። ነገ በአላህ ፊት ስንቆም የምንጠየቀው ስለ ካምፑ አይደለም። ስለ ተሰጠን አማና ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በየቤቱ በጭንቅ ያሉ ልጆችን ይጠብቅልን። ወላጆችን ከቁጣ የሚቀድም እዝነት ይስጣቸው። ለዑለማዎቻችን እውቀትንና ጥበብን ይጨምርላቸው። ምላሶቻችንንም ከሰው ክብር ይያዝልን። አሚን!

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።