እንግዳ እስከ መቼ?

«እንግዳ» የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው። ምርጡን ወንበር የምንለቅለትን ሰው እንግዳ እንለዋለን፤ ያልለመድነውን፣ ግር ያለንንም ነገር እንግዳ እንለዋለን። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህን ባነሳሁ ቁጥር ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይመስለኝም። ቤት ለእንግዳ ብለን ያስገባነው ሰው «ይሄ ቁም ሳጥን እዚያ ጋ ቢሆን ይሻላል» ቢለን ፊታችን ምን እንደሚመስል እናውቀዋለና!

ሰሞኑን ስለ ሜቶዲስቶች ሳነብ ይኸው ቃል ተመላለሰብኝ። ሜቶዲስት በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጆን ዌስሊ በተባለ እንግሊዛዊ የአንግሊካን ቄስ ስብከት የተጀመረ የፕሮቴስታንት ወገን ነው። አጥቢያዎቻቸው እንግዳ መቀበል ይወዳሉ። በር ላይ ቆሞ የሚጨብጥህ አለ፤ ከጸሎት በኋላ ሻይ ቡና አለ። በብዙዎቹ ዘንድ ለቁርባን ለመቅረብ እንኳ የአጥቢያው አባል መሆን አያስፈልግም። በጾምና በንስሐ ተዘጋጅቶ መቁረብን ለለመደ ሰው ይሄ ሳይከብደው አይቀርም። የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ በዓመቱ ያ ሰው ምን ይባላል? አሁንም እንግዳ?

የዌስሊ ሰዎች ለዚህ መልስ ያገኙት በዕዳ ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1742 ብሪስቶል ላይ የጸሎት ቤታቸው ዕዳ አስጨነቃቸውና እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፔኒ ያዋጣ ተባለ። የሌለውስ? ሲባል፣ አንዱ ተነስቶ አሥራ አንድ ድሆች ለእኔ ስጡኝ፣ የጎደለውን እሞላለሁ አለ። ፔኒ ለመሰብሰብ በየቤቱ የዞሩት ሰዎች ውለው አድረው ኑሮውንም፣ ጠባዩንም፣ እምነቱንም መጠየቅ ጀመሩ። እድርተኛ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። እድር ውስጥ እንግዳ የለም። ድንኳን ትተክላለህ፣ ወንበር ትሸከማለህ፣ ከቀረህ ትቀጣለህ። ቅጣቱ ያናድዳል፤ ቢሆንም የሚቀጡት የራስን ሰው ነው።

ይሁንና መሸከም ብቻውን የቤት ሰው አያደርግም። አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ ውስጥ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮችን ይቀበል ነበር። ከእነሱ አንዱ በባርነት ተወልዶ ነፃነቱን በገንዘቡ የገዛው ሰባኪ ሪቻርድ አለን ነው። አለን በኋላ እንደጻፈው፣ ለሕንፃው ማደሻና ለሰገነቱ መሥሪያ ጥቁሮቹም አዋጥተዋል። ብዙውን ጊዜ 1787 ነው በሚባለው ዓመት፣ አንድ እሑድ ተንበርክከው ሲጸልዩ ከቤተ ክርስቲያኑ ባለአደራዎች አንዱ መጥቶ አብሳሎም ጆንስ የተባለውን ጓደኛውን እየጎተተ ያስነሳው ጀመር። ቦታችሁ እዚህ አይደለም ነው ነገሩ። ጸሎቱ እስኪያልቅ እንኳ አልታገሣቸውም። ሲያልቅ ሁሉም በአንድነት ወጥተው ሄዱ።

እኔን የሚከነክነኝ ጎታቹ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰው የትም አይጠፋም። የሚከነክኑኝ ቤታችን ለሁሉም ክፍት ነው ብለው ከልባቸው ያምኑ የነበሩት ደጋግ ሰዎች ናቸው። በሩ እኮ እውነትም ክፍት ነበር!

አለን ሜቶዲስትነቱን አልተወም። በስድስተኛው ጎዳና ላይ መሬት ገዝቶ፣ አንድ አሮጌ የብረት ቀጥቃጭ ቤት አስጎትቶ አቆመበት፤ በ1794 ቤቴል ተብሎ ለጸሎት ተከፈተ። ነጮቹ የቤተ ክህነት አለቆች ግን በቤቱም በመድረኩም ላይ የማዘዝ መብት አለን ማለታቸውን አልተዉም። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ለምዕመናኑ የተፈረደላቸው በ1816 ነው። ሃያ ሁለት ዓመት፣ በገዛ ቤታቸው።