አሳብ ከወዴት ይመጣል?

ሰው አንድ አዲስ ነገር ለመሥራት በተነሣ ጊዜ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አንደኛው አሳብ ነው፤ ሁለተኛውም መሣሪያ ነው። አሳብ ያለ መሣሪያ ሕልም ሆኖ ይቀራል፤ መሣሪያም ያለ አሳብ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይዝጋል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ዳሩ ግን አሳቡ ራሱ ከወዴት ይመጣል? ከሌላ ሰው ሥራ አይቶ ያገኘውስ ሰው «ይህ የእኔ ነው» ለማለት ይችላልን? ዕዳ አለበት ብንልስ ዕዳውን የሚከፍለው ለማን ነው? በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ይህ ነው።

ነገሩን በባዶ ቃል እንዳናራዝመው በቅርብ ከምናውቀው ምሳሌ እንነሣ። የወንድማችን ልጅ የንድፍ ትምህርት ተማሪ ነው። ንድፍ ማለትም አንድ ነገር ከመሠራቱ በፊት መልኩንና ልኩን፣ ቀለሙንና አገልግሎቱን አስቦ በመስመር የማውጣት ሙያ ነው፤ የሚሠራው ነገር ጨርቅም ቢሆን፣ ወንበርም ቢሆን፣ የመጽሐፍ ሽፋንም ቢሆን። ይህ ወጣት በ2015 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ወደ ትውልድ ከተማው፣ ዱሮ ወጀት ትባል ወደ ነበረችው ወደ ፍኖተ ሰላም መጣ። ለሚቀጥለው ዓመት እንዲያቀርብ የታዘዘው ሥራ ለመጋረጃ የሚሆን የጨርቅ ንድፍ ነበር። አሳብ የሚፈልገውም በእጅ ስልኩ ነበር። በየቀኑ ከሩቅ አገር የመጡ ሥዕሎችን በመቶ እየቈጠረ ያያል፤ ያየውን ያስቀምጣል፤ ማታ ሲሆን እንደገና ይከፍተውና «አጎቴ፣ ምንም አሳብ አልመጣልኝም» ይለናል። መሣሪያን በሚመለከትም «ጥሩ ኮምፒዩተር ቢኖረኝ ኖሮ» የሚለው ቃል ከአፉ አይለይም ነበር።

ሐምሌ ሲያልቅ በአማራ ክልል በተፈጠረው ችግር ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የእጅ ስልክ ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ መቋረጡም ብዙ ወራት ቈየ። በዚያ ጊዜ ሕዝቡ ካገኘው መከራ ጋር ሲነጻጸር የአንድ ተማሪ ሥዕል ማጣት የሚነገር ነገር አይደለም። ለእርሱ ግን የአሳብ ምንጭ ሁሉ የደረቀ መስሎ ታየው። እኛም የሰጠነው ምክር ብዙ የታሰበበት አልነበረም፤ «እስቲ ስልኩን ተወውና የሰፈሩን ዕቃ እይ» አልነው። ሳቀብን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው የኖረውን ነገር ሄዶ ማየት ለተማረ ሰው የማይገባ መሰለው።

ሆኖም ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስለ ሰለቸው አየ። መጀመሪያ ያየው ከአንድ ገበሬ ደጅ የተጋደመውን የእርሻ ዕቃ ነው። ሞፈሩ ከእንጨት ተመርጦ ተጠርቧል፤ ምራኑ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር ያስረዋል፤ ቀጥቃጩ የሠራው ማረሻ መሬቱን ይሰነጥቃል፤ ሁለቱ ድግሮች አፈሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይከፍሉታል፤ ወገሉም ድግሩንና ማረሻውን አንድ ላይ ይይዛል። ተማሪው ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ ያለ ጥቅም የተጨመረ ሆኖ ሊያገኘው አልቻለም። በትምህርት ቤት «መልክ አገልግሎትን ይከተል» እየተባለ የተማረው ነገር ከዚህ ደጅ ላይ ጭቃ እንደ ነካው ተጋድሞ አገኘው።

ከዚያ በኋላ ከአንድ ጎረቤት ሸማኔ ዘንድ ሄደ። ሸማኔው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። እግራቸውን ከጉድጓዱ አስገብተው ተቀምጠው፣ ድሩን በእግራቸው ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሰዱታል። ጥለቱ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ይዘገያል፤ ባለቀለሙን ክር በጣታቸው እየለዩ ያስገባሉ። ተማሪው በመጀመሪያው ቀን ፎቶግራፍ አነሣ። በሁለተኛው ቀን ደብተር ይዞ ሄደና ጥለቱን አይቶ ሣለ። ሥዕሉን ባሳያቸው ጊዜ ሸማኔው አይተው «ይህ አይሸመንም» አሉት። «ለምን ጋሼ?» ቢላቸው «አልቈጠርኸውማ፤ መጀመሪያ ቍጠር ልጄ» አሉት።

በሦስተኛው ቀን ቈጠረ። ድርና ማግ የሚገናኙት ተሻግረው በቀጥታ ስለ ሆነ በጥለት ውስጥ እውነተኛ ክብ መስመር አለመኖሩን፣ ክብ የሚመስለው ሁሉ ደረጃ በደረጃ የተሠራ መሆኑን ያን ጊዜ አስተዋለ። በኮምፒዩተር መስታወት ላይ የሚታየውም ሥዕል በጥቃቅን አራት ማዕዘኖች የተሞላ መሆኑን ከትምህርቱ ያውቅ ነበርና፣ ሽማግሌው በጉድጓዳቸው ውስጥ የሚሠሩትና እርሱ በኮምፒዩተር ሊሠራ የሚመኘው ነገር በመሠረቱ አንድ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ኮምፒዩተር እስኪገኝ ድረስ ሕፃናት ሒሳብ የሚሠሩበት ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር በቂ መሣሪያ ሆነለት። እናቱ ስፌት ስትሰፋም ተጠግቶ ማየት ጀመረ። በወስፌ እየወጉ፣ ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለሉ ከመሐል ሲጀምሩ ክፍሉ በትክክል ካልተቈጠረ፣ ሐረጉ ከጠርዙ ላይ ሲደርስ ጫፍና ጫፉ እንደማይገናኝ ተረዳ።

እንግዲህ በስልኩ ያያቸው ብዙ መቶ ሥዕሎች ያልሰጡትን ነገር አንድ ጥለት እንዴት ሰጠው? እኛ እንደሚመስለን ምክንያቱ ይህ ነው። ሥዕል የሚያሳየን ያለቀውን ነገር ነው፤ ሠሪውን ያስቸገረው ነገር ምን እንደ ነበረና እንዴት እንደ ተወጣው አያሳየንም። አሳብ የሚወለደው ግን ከዚያ ከችግሩ ላይ ነው። ክሩ «በዚህ አላልፍም» ባለ ጊዜ እጅ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የተገኘውም መንገድ አዲስ አሳብ ይባላል። ችግሩን ያልነካ ሰው ሺህ መልስ ቢያይ ጥያቄው ምን እንደ ሆነ ስለማያውቅ መልሱ አይጠቅመውም።

ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም ነበር። ስማቸው በአገሩ ሁሉ የተሰማው የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ጉባኤዎች ያሉት በዚሁ በጎጃም ምድር ነው። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ እህል እየለመነ ሲማር መጀመሪያ የሚሰጠው አሳብ አይደለም፤ ግስና እርባ ቅምር ነው፤ ይኸውም የቋንቋው መሣሪያ ማለት ነው። ከዚያም በሁለት ቤት ከሚፈጸመው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ረጃጅሞቹ፣ ወደ ሥላሴና ወደ መወድስ፣ በየደረጃው ይወጣል። ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። በማግሥቱ ሌላ አዲስ ቅኔ ይጠበቅበታል እንጂ የትናንቱን ደግሞ ማምጣት አይችልም። «ዛሬ አሳብ አልመጣልኝም» የሚል ምክንያት በዚያ ጉባኤ ብዙ ሰሚ የለውም። ቅኔም ይቈጠራል፤ ጥለትም ይቈጠራል፤ አሳብ የሚመጣውም በየቀኑ ለሚቈጥር ሰው ነው።

ይህን ስንል ከሩቅ የሚመጣውን ዕውቀት የምንንቅ እንዳይመስል እንፈራለን። የሩቁን መማር ጥቅሙ ብዙ ነው። በ1919 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጀርመን አገር በቫይማር ከተማ የተከፈተው ባውሃውስ የተባለው የንድፍ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ወደ ሥራ ቤት አስገብቶ እንጨትና ብረት፣ ሸክላና ክር በእጃቸው እንዲሠሩ ያደርግ ነበር፤ ይህም ከላይ ያልነውን ያጸናልናል። የእኛም አገር ሠዓሊ እስክንድር ቦጎስያን በለንደንና በፓሪስ ኖሮ የዘመኑን የአውሮፓን ሥዕል በቅርብ አጥንቷል፤ በብዙ ሥዕሎቹ ላይ የምናየው ግን የአገራችን የክታብ ብራና ምልክትና ዐይን ነው። ሩቅ መሄዱ የቅርቡን አላስጣለውም፤ የቅርቡን አጥርቶ እንዲያይ አደረገው እንጂ።

መሣሪያም ቢሆን አይናቅም። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ በሮማ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝን ተምሮ፣ በ1513 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መዝሙረ ዳዊትን በፊደላችን ባሳተመ ጊዜ፣ በብርዕና በብራና የኖረው ፊደል አዲስ መሣሪያ አገኘ። በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠርም ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገባ። ዛሬ ኢንክስኬፕና ጊምፕ የሚባሉት የመንደፊያና የሥዕል ፕሮግራሞች፣ አቢሲኒካ የተባለውም የፊደል ቅርጽ፣ ያለ ዋጋ ይገኛሉ፤ አንድ ጊዜ ከተጫኑም ኢንተርኔት ባይኖር ይሠራሉ። ተማሪ ሁሉ እነዚህን ቢያውቅ ይጠቀማል። ነገር ግን ወናፍ እሳቱን ያቀጣጥላል እንጂ ማረሻውን አይቀጠቅጥም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ፤ ይህ ጥለት የማን ነው? ተማሪው ይህንኑ ሸማኔውን ጠይቋቸው ነበር። እርሳቸውም «ይህን ከአባቴ ነው የተማርሁት፤ ይህን ግን በጕልማሳነቴ ቡሬ ገበያ ከአንድ ነጋዴ ትከሻ ላይ አይቼ ነው፤ ዐይኔ ቈጠረውና ቤቴ ስገባ ሞከርሁት» አሉት። ቡሬ ከጎጃም ዐባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቆየች የነጋዴ ከተማ ናትና፣ ጨውና ቡና ባለፈበት መንገድ ጥለትም ማለፉ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ ሸማኔውም ባለዕዳ ናቸው፤ አባታቸውም ባለዕዳ ነበሩ። ከሌላ ያልተቀበለ ሰው የለም።

ታዲያ መውሰድ ሁሉ አንድ ነውን? አይደለም። የቋንቋችንን ነገር ልብ እንበል፤ ባለቅኔው ቅኔውን ሲያሰማ «ዘረፈ» ይባላል። ዘረፋ በገበያ መንገድ ላይ ሲሆን ወንጀል ነው፤ በቅኔ ጊዜ ሲሆን ሙያ ነው። ባለቅኔው ታሪኩን ከመጽሐፍ፣ ምሳሌውን ከእርሻና ከቤት፣ ዜማውን ከአባቶች ይወስዳል፤ ያወጣው ሰምና ወርቅ ግን ከእርሱ በፊት ያልነበረ ነው። የሌላውን ቅኔ እንዳለ አንሥቶ «የእኔ ነው» ቢል ግን ነውር ነው። ሸማኔውም ከነጋዴው ትከሻ ያዩትን ቈጥረው፣ ከራሳቸው ክር ጋር አስማምተው፣ ደክመውበት ወሰዱት። ፎቶግራፍ አንሥቶ ሄዶ በስሙ የሚሸጥ ሰው ግን አልደከመበትም፤ የወሰደበትንም ሰው አያስታውሰውም።

ሕግ በዚህ ጉዳይ የሚረዳን እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 የኢንዱስትሪ ንድፍን፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣውም አዋጅ ቁጥር 410 የቅጅ መብትን ይጠብቃሉ። ዳሩ ግን የንድፉ አዋጅ የሚጠብቀው አዲስ የሆነውን ነው። ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ጥለት አዲስ አይደለም፤ ሠርቼዋለሁ ብሎ የሚያስመዘግበው አንድ ሰውም የለውም። ሕግ ባቆመበት ቦታ ኅሊና መቀጠል አለበት ማለት ነው።

የተማሪው ኅሊና የነገረው ቀላል ነገር ነበር፤ ንድፉን በጨረሰ ጊዜ ከሥሩ የሸማኔውን ስም ሊጽፍ ፈለገ። ደስ የሚላቸው መስሎት ሄዶ ነገራቸው። እርሳቸው ግን «ተው ልጄ፣ ስሜን አትጻፍ፤ ልጆቼን የሸማኔ ልጆች እያሉ ሲጠሩብኝ የኖሩት ይበቃል» አሉት።

ይህን ሲነግረን መልስ አጣን። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛን መስደብ የሚከለክለውን አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። እኛም ራሳችን በልጅነታችን የቀጥቃጩንና የሸክላ ሠሪዋን ልጆች ከጨዋታ ስናስወጣቸው፣ ማታ ግን ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ ከታረሰ ማሳ የተገኘውን እንጀራ፣ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ምጣድ ተጋግሮ ስንበላ አድገናል። ሸማ ለብሰን ሸማኔን ንቀናል። ዛሬ ደግሞ ጥለቱን «ባህላችን» ብለን በየአዳራሹ እንሰቅለዋለን፤ የሠራው እጅ ግን ስሙ እንዳይነሣበት ይለምናል። ከዚህ የበለጠ ዝርፊያ ምን አለ?

ስለዚህ የተማሪውን ጥያቄ ስንመልስ ሁለት ነገር እንላለን። አሳብ የሚመጣው በሥራ ላይ ካለ ችግር ነው፤ በቅርብ ካለው ሠሪ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚቈጥር ሰው ያገኘዋል። አሳቡን ያገኘ ሰውም ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም በገንዘብና በምስጋና ብቻ አያልቅም፤ የሰጠውን እጅ ማክበርንና ማስከበርን ይጠይቃል። መምህር ተማሪዎቹን ወደ ሸማኔውና ወደ ቀጥቃጩ ቤት እንደ ጐብኚ ሳይሆን እንደ ደቀ መዝሙር ቢልክ፣ የመንግሥት ሠራተኛም የእጅ ሙያተኛ ከቢሮው በቀረበ ጊዜ ወንበር ስቦ ቢያስቀምጠው፣ ይህ የዕዳው መጀመሪያ ነው።

ተማሪው በመጨረሻ ከንድፉ ሥር «ከአንድ የፍኖተ ሰላም ሸማኔ የተማርሁት» ብሎ ጻፈ፤ ለስሙም ባዶ ቦታ ተወለት። ሸማኔው «አሁን ጻፈው» የሚሉበትን ቀን ማምጣት ግን የተማሪው ብቻ ሥራ አይደለም፤ የሁላችንም ነው።