በእርጅና ዘመን በእምነት መጽናት



በአገራችን ሰው ሲመረቅ «ዕድሜና ጤና ይስጥህ» ይባላል፤ ተመራቂውም «አሜን» ይላል። ነገር ግን የተለመነው ዕድሜ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጤናን አስከትሎ አይመጣም። ዐይን ይፈዛል፣ ጉልበት ይከዳል፣ እኩዮችም አንድ በአንድ ይሸኛሉ። ያን ጊዜ በወጣትነት «አሜን» ያልንለት በረከት እንደ ቅጣት መታየት ይጀምራል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ መሥራት ያቆመ፣ መታገዝ እንጂ ማገዝ የማይችል ክርስቲያን፣ ከእግዚአብሔር የተቀበለው ጥሪ ከጉልበቱ ጋር አብሮ ያበቃልን?

ይህን ጥያቄ ያመጡብኝ በጉለሌ የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት እናት ናቸው። ቅዱስ ቁርባን ለማድረስ ወደ ቤታቸው ሄጄ ነበር። እኚህ እናት በጉልምስናቸው ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ እያወረዱ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ዛሬ ከአልጋ ለመነሣት እንኳ ሰው ይሻሉ። «አባ፣ እግዚአብሔር ለምን ረሳኝ? ዕድሜዬን ሙሉ ሸክም ተሸከምሁ፤ አሁን ደግሞ እኔው ሸክም ሆንሁ» አሉኝ። የሰጠኋቸው የተለመደ የማጽናኛ ቃል ለራሴም ቀለለብኝ፤ ቤቴ ከገባሁ በኋላም ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም።

አስቀድመን አንድ እውነት እንቀበል። ዕድሜ በራሱ ጽድቅ አይደለም። እርጅና አንዱን ሲያለዝብ ሌላውን ያመርራል። የቆየ ቂም፣ ንብረትን ሙጥኝ ማለት፣ ልጆችን በውርስ ማስፈራራት፣ የወጣቱን ነገር ሁሉ መንቀፍ የዚህ ዘመን ፈተናዎች ናቸው። ስለዚህ በእርጅና ታምኖ መገኘት ከሽበት ጋር የሚመጣ ሳይሆን በየቀኑ የሚመረጥ ነው።

የመረጡትም አሉ። በመጽሐፈ መቃብያን ካልዕ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ የዘጠና ዓመቱ ሽማግሌ አልዓዛር የተከለከለውን ሥጋ የበላ መስሎ ነፍሱን እንዲያተርፍ ወዳጆቹ መከሩት። እርሱ ግን ወጣቶች በእርሱ ማስመሰል እንዳይሰናከሉ ብሎ ሞትን መረጠ። በአገራችንም ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም ተወልደው፣ ብዙ ዘመን እውነትን ሲፈልጉ ኖረው፣ ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የገቡት በ1844፣ ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስ እጅ ክህነትን ሲቀበሉ፣ በ1851፣ ዕድሜያቸው ስድሳ ገደማ ነበር። በ1855 ስለ እምነታቸው በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ዐረፉ። ሌላው ሰው «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ» በሚልበት ዕድሜ እርሳቸው ጀመሩ።

«እነዚህ ሰማዕታት ናቸው፤ አልጋ ላይ የዋለች እናት ምን ልትሠራ ትችላለች?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በጌታችን መስቀል ላይ ይገኛል። ጌታ በእጆቹ ዕውራንን ዳሰሰ፣ እንጀራ ቈረሰ፣ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። ዓለምን ያዳነበት ሥራ ግን የተፈጸመው በፈቃዱ እነዚያን እጆች ለችንካር በሰጠበት ሰዓት ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ደግሞ ጴጥሮስ ሲሸመግል ሌላ ሰው እንደሚያስታጥቀውና ወደማይወደው ስፍራ እንደሚወስደው ከነገረው በኋላ፣ «ተከተለኝ» ብሎ ጠራው። ስለዚህ በሌላ ሰው እጅ መታጠቅና መጉረስ ጥሪው መልኩን የሚለውጥበት እንጂ የሚያበቃበት አይደለም። ዕድሜ ልኩን መስጠትን የተማረ ሰው በመጨረሻ መቀበልን ይማራል፤ ይህም የበለጠ ትሕትና ይጠይቃል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1999 ለአረጋውያን መልእክት ሲጽፉ የ79 ዓመት አረጋዊ ነበሩ። በ2005 የትንሣኤ ዕለት በመስኮት ታይተው ሕዝቡን ሊያናግሩ ሞከሩ፤ ድምፃቸው ግን አልወጣም። በእጃቸው ባረኩ፤ ያም ዝምታ ስብከት ነበር።

ይሁን እንጂ ጤነኞች ይህን ትምህርት ለቸልተኝነታችን መሸፈኛ ካደረግነው ጭካኔ ይሆናል። «ሸክም ነኝ» የምትል እናት ቃሉን ከራሷ ብቻ አላመነጨችውም፤ ከተኮሳተረ ፊትና ከማይመጣ ጎብኚ ተምራዋለች። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 አባት አእምሮው ቢደክም እንኳ ልጁ እንዳይንቀው ያዛል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች የክርስቶስ ሕግ የሚፈጸመው አንዱ የሌላውን ሸክም ሲሸከም መሆኑን ያስተምራል። ከባሕር ማዶ የሚላክ ገንዘብ መልካም ነው፤ ነገር ግን አልጋ አጠገብ ተቀምጦ አያጫውትም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2021 የአያቶችንና የአረጋውያንን ቀን በጁላይ ወር አራተኛ እሑድ እንዲከበር ወሰኑ፤ እኛ ግን በዓመት አንድ ቀን አይበቃንም። እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ለቅዱስ ቁርባን የምታዘጋጇቸውን ልጆች ወደ አረጋውያን ቤት ይዛችሁ ሂዱ።

እናንተም አረጋውያን አባቶችና እናቶች፣ ጊዜ ሳለ ከተቀያየማችሁት ጋር ታረቁ፤ ልባችሁ ሳይደክም ንብረታችሁን በግልጽ ተናዘዙ። ምሥጢረ ቀንዲልም ለመጨረሻዋ እስትንፋስ ብቻ የተሰጠ አይደለምና፣ ሕመምና እርጅና ሲበረታ ካህን አስጠሩ።

በሚቀጥለው ወር ወደ እኚያ እናት ተመለስሁ። «እማማ፣ ጸሎት የእርስዎ ሥራ ይሁን» ልላቸው አስቤ ነበር። ጀመር ሳደርግ አቋረጡኝ፦ «አባ፣ ጎህ ሳይቀድ ለእንጀራቸው የሚወጡ ሴቶች በደጄ ያልፋሉ። ኮቴያቸውን በሰማሁ ቍጥር ከመቁጠሪያዬ አንድ ፍሬ እስባለሁ። መንገዱን አውቀዋለሁና።»

ጥሪያቸውን ላስታውሳቸው ሄጄ ነበር፤ እርሳቸው ግን ቀድመውኝ ይዘውታል። ሐናን በቤተ መቅደስ፣ ስምዖንንም በተስፋ ያጸና አምላክ አረጋውያኖቻችንን ያጽና፤ እኛንም ከአጠገባቸው አያርቀን። አሜን።