ስለማይታየው ሥራ

ከኛ በፊት በሶፍትዌር ምሕንድስና የተመረቀ አንድ ወዳጅ አለን። ለዓመት በዓል ወደ ነቀምቴ ሲመለስ አኖ ላይ አገኘነውና መኪና እስኪመጣ ስለ ሥራው ጠየቅነው። «ይኼም ሥራ ተብሎ!» አለን። «አምስት ዓመት ተምሬ የሰው ኮድ አራሚ ሆኜ ቀረሁ። ሰሞኑን ጳጉሜንን ሳስተካክል ነው የከረምኩት።» ሳቅን። ነገሩ ግን አልለቀቀንም፤ ነገ የኛም ዕጣ ይኸው ነውና። ለመሆኑ ሰው በየቀኑ በሚደጋገም ሥራ ሊረካ ይችላል ወይ?

እስቲ ከጳጉሜን እንጀምር። በ2015 ዓ.ም. ስድስት ቀን ነበረች፤ በ2019ም እንዲሁ ናት፤ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ግን አምስት ቀን ብቻ። በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራ ፕሮግራም ይህን ካላወቀ፣ ጳጉሜን 6 የተወለደ ሕፃን ሊመዘገብ ሲመጣ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይባላል። ወዳጃችን ያረማት አንዲት መስመር ያንን ሕፃን ታስመዘግባለች። እናቱ ይህን አታውቅም። ማወቅም የለባትም።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚታየው ሲጎድል ነው። ከመጋቢት 6 ወደ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ባደረው ሌሊት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በማሻሻያ ጊዜ በተፈጠረ ስህተት፣ ሰዎች በሒሳባቸው ያልነበረ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መውጣቱን ገለጸ፤ አብዛኛውም ኋላ ተመለሰ። ኤቲኤም ፊት ከተሰለፉት ብዙዎቹ እንደኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ስለ ተማሪው ሥነ ምግባር ብዙ ተባለ፤ ተገቢም ነው። ግን ከዚያ በፊት በሰላም ያደሩትን ሌሊቶች ሁሉ ማን አመሰገናቸው? እነሱም እኮ የሰው ሥራ ናቸው።

ከአኖ ብዙም ሳይርቅ የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ በፈረንጅ በ1993 የወጣው ከዚያ ነው። የተገኘው አንዴ ነው፤ የሚጠበቀው ግን ሁልጊዜ ነው። ወላጅ ዘሮቹ ከሌላ እንዳይቀላቀሉ ሠራተኛው አበባውን በወረቀት ከረጢት ይሸፍናል፣ ብናኙን በእጁ ያዳርሳል፣ ደግሞም ይደግመዋል። አዲስ ነገር አልፈጠረም። ቢተወው ግን ያ የተደነቀው ግኝት ከገበሬው እጅ ይጠፋል።

ይህን ስንል ለአሠሪ ጥብቅና ቆመን አይደለም። «ሥራህን ውደድ» እያለ ደመወዝ የሚነፍግ አለ፤ እርካታ የደመወዝ ምትክ አይሆንም። ደግሞም ለማንም የማይረባ ሥራ አለ። ማንም የማያነበውን ሪፖርት በየወሩ መሙላት እንድንወድ ሊጠይቀን የሚገባ የለም፤ እሱ መቅረት ነው ያለበት።

እንግዲህ መለኪያችን ይህ ይሁን፦ ይህ ሥራ ነገ ቢቀር የሚጎዳ ሰው አለ ወይ? ከሌለ ድግግሞሹ ባርነት ነው። ካለ ግን አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ በየቀኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ አይቀልም።

አኖ ላይ ለወዳጃችን መልስ አልነበረንም። ዛሬ ብናገኘው ግን አንስቅበትም። «ጳጉሜን 6 ለሚወለዱት ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልን» እንለው ነበር።