ሽሮው ጨው ነበረው?

ከከባድ ሕመም ለተነሳ ሰው ጎረቤቱም ዘመዱም የሚጠብቅበት አንድ ነገር አለ። ቡናውን ከሌላው ሰው በተለየ እንዲያጣጥም፣ ፀሐይ ሲሞቅ እንዲመሰጥ፣ ደረጃ ሲወጣ በልቡ እንዲያመሰግን ይፈልጋሉ። በልጅነቴ ታምሜ እንደነበር የሰሙ ሰዎች እኔንም «አንቺማ የትንሿን ነገር ሁሉ ዋጋ ታውቂያለሽ» ይሉኛል። በቅን ልቦና የተባለ ነውና ራሴን ነቅንቄ አልፋለሁ። ውስጤ ግን አይስማማም። ማመስገን አይገባም ማለቴ አይደለም፤ «ተመስገን» ሳልል የዋልኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም። የማልስማማው፣ ትንንሾቹ ደስታዎች ከሕመም በኋላ እንዴት እንደሚመለሱ በሚወራው ነው። እኔ እንዳየሁት መጀመሪያ የሚመለሱት ሥራ ሆነው ነው። ደስታ የሚሆኑት ዘግይተው፣ ዓይናችንን ከላያቸው ካነሳን በኋላ ነው።

የያዘኝ ጊያን ባሬ የሚባል ሕመም ነበር። በዓመት ከ100 ሺህ ሰው አንዱን ወይም ሁለቱን ነው የሚያገኘው። ዕድሜ በገፋ ቁጥር የመያዝ ዕድሉ ስለሚጨምር፣ በ14 ዓመት ልጅ ላይ ሲታይ ደግሞ ይበልጥ ብርቅ ነው። በ1916 እ.ኤ.አ.፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሃል፣ ጊያን፣ ባሬ እና ስትሮል የተባሉ ሦስት ፈረንሳውያን ሐኪሞች እግርና እጃቸው የዛለ ሁለት ወታደሮችን መርምረው ያዩትን ጻፉ። ወታደሮቹ ተሽሏቸዋል። ስትሮል ግን ከሕመሙ ስም ወጥቶ ቀረ። አንዳንዴ ያሳዝነኛል፤ ስምን በበሽታ ማስጠራት ዕድል ከተባለ ማለቴ ነው።

ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ተቅማጥ ወይም ጉንፋን ይመጣል። እሱ አለፈ ሲባል፣ ተሐዋሲውን ሲዋጋ የከረመው የሰውነት መከላከያ ወደ ገዛ ነርቮቹ ይዞራል። ለምሳሌ በደንብ ካልበሰለ ዶሮ ወይም ካልፈላ ወተት የሚገኘው ካምፓይሎባክተር የተባለ ባክቴሪያ፣ በላዩ ላይ ያለው ንጥረ ነገር በነርቮቻችን ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል፤ መከላከያው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ አለው፤ ማየሊን ይባላል። ልባሱ ሲገፈፍ ከአንጎል የወጣው ትእዛዝ ይዘገያል፣ ወይም መንገድ ላይ ይቀራል። ድካሙ ከእግር ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል።

የእኔ የጀመረው በጳጉሜን ተቅማጥ ነው። ደሴ ላይ በክረምት መውጫ ሆዱን የማያመው ልጅ ስለሌለ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። አዲሱ ዓመት ገብቶ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ ጫማ ሳደርግ የእግሬ መዳፍ መሬቱን በደንብ አልለይ አለኝ። ቀጥሎ ደረጃ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። አባቴ «ልጅቷ እያደገች ነው» አለ። አያቴ «መጋኛ ነው» አለች፤ ጠበልም ተቀዳ። ወጌሻም ተጠሩ። እግሬን በቅቤ ጥቂት አሽተው እጃቸውን አነሱና «ይሄ የአጥንት አይደለም፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዷት» አሉ። ገንዘብም አልተቀበሉ። ወጌሻ ሲናቅ በሰማሁ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

ሐኪሙ ጉልበቴን በትንሿ መዶሻ መታ መታ አደረገው፤ እግሬ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የመጣው ነገር ግን ለ14 ዓመት ሴት ልጅ ከሕመሙ የባሰ ነበር። ዕድሜው ከ15 በታች የሆነ ልጅ እጅ እግሩ በድንገት ሲዝል፣ ፖሊዮ እንዳይሆን ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። ቢያንስ በአንድ ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ የሰገራ ናሙና ተወስዶ፣ በበረዶ ሣጥን ታሽጎ፣ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ላቦራቶሪ ይሄዳል። ፖሊዮን ከአገር የማስወጣቱ ሥራ የቆመው እንዲህ ባለ ትዕግሥት ላይ እንደሆነ ዛሬ ይገባኛል፤ አከብረዋለሁም። ያኔ ግን ብርድ ልብሴን ፊቴ ላይ ከመሳብ ሌላ መላ አልነበረኝም፤ እሱንም የሳበችልኝ እናቴ ናት። ሪፈር ተጽፎልኝ እኔ በአምቡላንስ ከመድረሴ በፊት ሰገራዬ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ወንድሜ ይህን ዛሬም በሰርግ ላይ ያወራዋል።

አዲስ አበባ ሐኪሞቹ በየጥቂት ሰዓቱ አልጋዬ ድረስ እየመጡ «ትንፋሽሽን ሳቢና በአንድ ትንፋሽ ቁጠሪ» ይሉኝ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ መቁጠር ቀላል መለኪያ ይመስላል፤ ሃያ መድረስ ሲያቅት ግን የደረት ጡንቻ እየዛለ መሆኑን ይናገራል። በዚህ ሕመም ከተያዙት ከአራቱ አንዱ ያህል በመተንፈሻ መሣሪያ መረዳት ያስፈልገዋል። ሕክምና በተሟላበት አገር እንኳ ከመቶው ጥቂቱ ይሞታል። እኔ ከመሣሪያው ለጥቂት ተረፍኩ። የታዘዘልኝ ኢሚዩኖግሎቡሊን በሺዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች ደም ፕላዝማ ተጣርቶ የሚሠራ መድኃኒት ነው፤ ዋጋው አይቀመስም። በአባቴ ዕቁብ ዕጣ የወጣላቸው አንድ ነጋዴ «ልጅቷ ትዳን፤ እኔ በሌላ ዙር ይደርሰኛል» ብለው ገንዘቡን ለቀቁለት። ስለዚህ ክንዴ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል የነበረው ነገር ፊታቸውን የማላውቀው የሺህ ሰዎችም፣ የአንድ የደሴ ነጋዴም ነው። የምስጋናዬ ነገር ከተነሳ አድራሻው እዚያ ነው፤ ስለ ፀሐይና ስለ ቡና ከማሰቤ በፊት።

ደሴ ስመለስ ድካሙ መውጣቱን አቁሞ ነበር፤ ለመውረድ ግን አልቸኮለም። ፊቴም ዝሎ ስለነበር ፈገግታ አይታዘዘኝም። ብርቱካንና አጥሚት ይዘው የሚመጡ ጠያቂዎች ቀልድ ነግረውኝ ሳልስቅ ሲያዩ፣ ወደ እናቴ ዞር ብለው በሹክሹክታ «ምን አስከፋት?» ይሏት ነበር። እኔ በሆዴ እየሳቅኩ ነው።

ምግብ ያጎረሰችኝ እናቴ ናት። ጉርሻ በእኛ ዘንድ ክብር ነው፤ የወደድነውን እናጎርሳለን፣ የወደደን ያጎርሰናል። ክብር የሚሆነው ግን የራሳችን እጅ ሰሃኑ ላይ እያለ ነው። ቁርስም ምሳም እራትም ጉርሻ ሲሆን፣ አፌን ከፍቼ የሰው እጅ ስጠብቅ፣ ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ስንተኛው ጉርሻ እንደሚያስለቅስ ግን የነገረኝ አልነበረም።

እንጀራ መቁረስ ምን ያህል ረቂቅ ሥራ እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። በአንድ እጅ፣ በቀኝ ብቻ ነው የሚቆረሰው። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት እንጀራውን ጫን ብለው ይይዛሉ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጫፉን ቆንጥጠው ይስባሉ፤ መካከለኛው ጣት ያግዛል። የተቆረሰው ወጡ ላይ ይደፋል፣ ጣቶቹ ከዙሪያው ይሰበሰባሉ፣ ወጡ ሳይንጠባጠብ ይጠቀለላል። አፍ ላይ ሲደርስ አውራ ጣት ከኋላ ይገፋዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው የጎረቤት ወሬ እያወራን ነው። የእኔ ጣቶች ግን ገና የመጀመሪያው ላይ ይቀሩ ነበር፤ እንጀራው ሲሳብ አብሮ ይንሸራተታል፣ የሚይዘው ጣት የለማ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የላስቲክ ኳስ እንድጨብጥ አዘዘችኝ። አያቴ ኳሱን አይታ «ይሄ ምን ይፈይዳል?» አለችና ሰፌድ ላይ ምስር ዘርግታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጠጠሩን በሁለት ጣት ቆንጥጦ ማውጣት ነው። ባለሙያዋ በኋላ ሰምታ «ከኳሱ ይሻላል» አለች። መጀመሪያ አንዷን ጠጠር ስከተል ምስሩ ሁሉ እየሸሸ ይወርዳል። አያቴ አጠገቤ ሆና የራሷን ሰፌድ እየለቀመች ታወራለች፤ እኔ መልስ መስጠት አልችልም። ቃል ከተናገርኩ ጠጠሯ ታመልጠኛለች። ከደካማ ጣት ይልቅ የከበደኝ ይሄ ነበር፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማድረግ አለመቻል።

ከዚያ በራሴ እጅ ቆርሼ የጎረስኩበት ቀን መጣ። ቤተሰቡ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ያየኛል። እጄ ተንቀጥቅጦ፣ ግማሹ ልብሴ ላይ ፈስሶ፣ ግማሹ አፌ ገባ። እልል ተባለ፤ እናቴ አለቀሰች። «ጣፈጠሽ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ? እውነቱ ግን ሽሮው ጨው ይኑረው አይኑረው አላወቅኩም ነበር። ሐሳቤ ሁሉ ጣቶቼ ላይ አልቆ ለምላሴ የተረፈ አልነበረም።

ጣዕሙ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው፤ የመጣበትን ቀን ግን ያከበረው ሰው የለም። ከወንድሜ ጋር ስለ ኳስ ስንከራከር (እሱ የአርሴናል፣ እኔ እሱን ለማናደድ ስል የማንቸስተር) እጄን ስሰድ ሰሃኑ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ማን እንደበላው ሊገባኝ አልቻለም። ወጡ ምስር እንደነበር፣ ቃሪያው እንዳቃጠለኝ፣ ደስ እንዳለኝ ትዝ ያለኝ ካለቀ በኋላ ነው።

በኋላ ስለ ነርቭ ሳነብ ያቺ ቀን ይበልጥ ግልጽ ሆነችልኝ። በጤነኛ ክንድ ውስጥ ትእዛዝ በሰከንድ 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል። ልባሱ ሥራውን ሲሠራ እጅ መኖሩም አይታወቀንም፤ ሐሳባችን ለወሬው፣ ለክርክሩ፣ ለምላሳችን ነፃ ይሆናል። ልባሱ ብቻ ከተነካ በሳምንታትና በወራት ይታደሳል። የነርቩ ግንድ ከተጎዳ ግን በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው የሚያድገው፤ ከጉልበት እስከ እግር ጣት ያለውን ርቀት በዚህ አካሄድ አስቡት። እንግዲህ ትንሿን ነገር ሁሉ አስተውዬ የኖርኩበት ዘመን ካለ፣ የታመምኩበት ዘመን ነው። ማስተዋሌ ብልህነት አልነበረም። የተገፈፈው ነርቭ የሚያስከፍለኝ ቀረጥ ነበር።

ይህን ስል የሚቃወሙኝ አሉ፤ «ታዲያ ጾም ምንድን ነው? ተከልክሎ ማጣጣምን ለማስተማር አይደለም?» ይላሉ። ነው። ግን ፍስኩን እንዴት እንደምንይዘው እንይ። ሁዳዴ 55 ቀን ተጹሞ፣ በፋሲካ ሌሊት የምትቀመሰው የዶሮ ወጥ ሌላ ዓለም ናት። በዓለ ሃምሳ ውስጥ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ዶሮው ምግብ ይሆናል። በዚህ ማንም ማንንም «ውለታ ቢስ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሠፈራችን ክርስቲያንም ሙስሊምም ያለበት ስለሆነ በረመዳን ሳምቡሳ ይላክልን ነበር፤ ጎረቤት ቤት ለማፍጠሪያ ተጠርቼም ገብቻለሁ። የመጀመሪያዋ ተምርና ውሃ በጸጥታ ትወርዳለች። ከሁለተኛው ሳምቡሳ በኋላ ስለ ሳምቡሳ የሚያስብ የለም፤ ወሬው ይደራል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። እኔ የማፍጠሪያው ደስታ በተምሯ ብቻ ያበቃል ብዬ አላምንም። ወሬውም ከማዕዱ ነው።

ሕመሙ ጥሎብኝ የሄደ ነገር አለ። ከሰዓት በኋላ ምክንያት የሌለው ድካም ይጥለኛል። ጉልበቴ ላይ መዶሻ ቢያርፍ ዛሬም እግሬ አይነሳም። የእግሬ መዳፍ ሙሉ ለሙሉ ስላልተመለሰልኝ፣ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ወለሉን በጣቶቼ ፈትሼ ነው የምቆመው። ይህን ያየች ጓደኛዬ «እንዴት ደስ ይላል፣ መሬቱን ሰላም ብለሽ ነው የምትነሺው» አለችኝ። ሰላም እያልኩት አይደለም። እንዳልወድቅ ነው። የሲኒው ነገር ግን ይለያል። ጣቶቼ ሙቀት መለየት ሲጀምሩ ቡና ይዤ ሲኒው አቃጠለኝና ለቀቅኩት፤ ተሰበረ። አያቴ «እሰይ! ይሰበር!» ብላ ሌላ ሞላችልኝ። እጆቼ ዛሬ ሲኒ ሲይዙ አላያቸውም።

በቅርቡ በሰው በሰው ስልኬን ያገኙ አንዲት እናት ደወሉልኝ። የ13 ዓመት ልጃቸው በዚሁ ሕመም ተይዛ ከሐኪም ቤት ከወጣች ወር ሆኗታል፤ እጇ እየተመለሰ ነው፣ ፊቷ ግን አይፈታም። «ስትበላ ሁላችን ዙሪያዋን ከበን እናበረታታታለን፤ በየጉርሻዋ እናጨበጭብላታለን፤ ምንም ደስ አይላትም» አሉኝ። «አያጨብጭቡላት» አልኳቸው። «ቴሌቪዥኑን ይክፈቱ። እኩዮቿን ይጥሩላት። ወንድም ካላት ከአንድ ሰሃን ይብሉ።» ዝም አሉ፤ ቅር እንዳላቸው ገባኝ። ደህንነቷን ለመጠየቅ ልደውል አልደውል እያልኩ ስከርም ራሳቸው ደወሉ፤ ሰላምታ እንኳ አላስጨረሱኝም።

«ኧረ ተጣሉ እኮ! ሥጋዋን ደብቃበት፣ ድስት ሙሉ ወጥ እያለ!»