በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ ፊልም ዋጋውን ማን ይከፍላል?

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የሌላት አገር ብትሆንም፥ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሞጆ ከተማ ታላቅ ወደብ አላት። ይኸውም ማዕበል የማይመታው፥ መርከብም የማይደርስበት ደረቅ ወደብ ነው። ዕቃው ከባሕር ማዶ ጅቡቲ ደርሶ፥ በከባድ መኪናና በባቡር ተጭኖ ይገባበታል። አስተዋይ ሰው ግን፥ ሞጆ ወደብ ተብላ ስለ ተጠራች ባሕሩ እንዳልቀረበ ይረዳል። መንገዱ ያው ረጅም ነው፤ ድካሙን ሾፌሩና ወዛደሩ ይሸከሙታል፤ የጭነቱም ሰነድ ዕቃው የማን እንደ ሆነ፥ ኃላፊነቱም በማን ላይ እንዳለ ይናገራል።

የመጀመሪያ ፊልሙን በጥቂት ገንዘብ ለሚሠራ ወጣትም ነገሩ እንዲሁ ነው። «ያለ ገንዘብ ሠራሁት» ሲል እንሰማዋለን፤ ነገር ግን ያለ ዋጋ የሚሠራ ሥራ የለም። ተዋናዩ ቀኑን፥ ካሜራ የያዘው እንቅልፉን፥ ጎረቤቱ ቤቱን ሰጥቶታል። ወጪው ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

ኃይሌ ገሪማ በጎንደር ተወልዶ፥ በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ የሲኒማ ትምህርት ሲማር ሳለ፥ በ1966 ዓ.ም. ክረምት ወደ አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በሁለት ሳምንት ያህል አነሣ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ በውስጡም የትወና ሙያ ያልተማሩ ሰዎች ይታያሉ። ታሪኩ ባለርስት የገበሬውን ድካም እንዴት እንደሚበላ ያሳያል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሊወድቅ የቀረው ጊዜ ጥቂት ስለ ነበረ፥ ገንዘብ እስኪሞላ ቢጠበቅ ኖሮ ያ ዘመን በዓይን የሚታይ ምስክሩን ባጣ ነበር።

እንግዲህ በድኅነት መሥራት ነውር አይደለም። ነገር ግን የሌላውን ድካም የሚበላውን ሰው የሚከስ ፊልም፥ እርሱ ራሱ የሌላውን ድካም በልቶ ቢሠራ ክሱ በማን ላይ ይሆናል? ይህን የምጠይቀው ኃይሌን ሳይሆን ፈለጉን ሊከተሉ የሚወዱትን ወጣቶች ነው።

«ደመወዝ አስቀድሞ ሙሉ ይከፈል ቢባል፥ ፊልም የሚሠራው ባለጠጋ ብቻ ይሆናል፤ የድኻውም ታሪክ ሳይነገር ይቀራል» የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። ቃሉ እውነት አለበት። ይሁን እንጂ ከዚህ የሚወጣው ፍርድ፥ ድኻ ያለ ዋጋ ይድከም የሚል ሳይሆን፥ ዕዳው ይታወቅ የሚል ነው። ስጦታና ግፍ የሚለዩት በገንዘቡ መጠን አይደለም፤ ሰጪው እምቢ ለማለት በመቻሉ ነው። ወንድም ለወንድሙ አንድ ወር በነጻ ቢሠራ ፍቅር ነው። የዕለት እንጀራ የቸገረው ሰው ግን «ነገ ስምህ ይጠራል» ተብሎ ቢሠራ፥ ተስፋ እንደ ደመወዝ ተቆጥሮለታልና ተበድሏል።

ስለዚህ ካሜራው ከመነሣቱ በፊት የእያንዳንዱ ድካምና ድርሻ በጽሑፍ ይስፈር። ምግብና መጓጓዣ ለነገ አይባሉም፤ የዚያኑ ዕለት ይሰጡ። ትርፍ ቢገኝ ለማን ስንት እንደሚደርስ፥ ባይገኝም ጉዳቱ እንዴት እንደሚካፈል ሁሉም አስቀድሞ ይወቀው። ገንዘብ የሌለው ሰው ዕዳውን ዛሬ መክፈል ላይችል ይችላል፤ ዕዳ እንዳለበት መጻፍ ግን ከወረቀትና ከቀለም በቀር ምንም አያስወጣውም።