ሰውን በራሱ ላይ በደፋው መመዘን ይገባልን?

አንባቢ ሆይ፥ ዓይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው በሌላው ሰው ራስ ላይ ነው። በዚያም ቆብ ወይም ጥምጥም፥ ሻሽ ወይም ባርኔጣ ባየን ጊዜ፥ አፋችን ሰላምታ ሳይሰጥ ልባችን ፍርድ ይሰጣል። ይህ ፍርድ ቅን ነውን? እኔ የወደቅሁበትን ልንገርህ።

በጎልማስነቴ መጀመሪያ ከጎንደር ተነሥቼ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች ግርጌ ሄድሁ። ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ናትና ብርዱ ጽኑ ነው፤ ራሱን ሳይሸፍን የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። በገበያው ካህናቱ በነጭ ጥምጥማቸው፥ ሙስሊሞቹ በቆባቸው ይታወቃሉ፤ ሐዘንተኛዪቱ በጥቁር ሻሽዋ ትለያለች፤ ገበሬው የጋቢውን ጫፍ በራሱ ላይ ይጥላል፤ የደጋው እረኛም ከበግ ጠጉር የተሠራ ቆብ እስከ ጆሮው ይደፋል። የራስ መሸፈኛ እንደ ፊደል ነው፤ ማንበብ ለሚያውቅ የባለቤቱን ሥራ፥ እምነትና ሐዘን ይነግራል። እኔም የማነብ መስሎኝ ነበር።

አንድ ማታ ከደባርቅ ወጣ ባለ መንደር አንድ ሽማግሌ አሳደሩኝ። በተማሪ ቤት እንደ ለመድሁት ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ ነሣሁ፤ ስለ ብርዱ ግን ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተጠቅልዬ ነበር። ሽማግሌው የጠጉር ቆባቸውን ሳያወልቁ ተቀበሉኝ። በልቤም፥ «እኒህ ሰው ሥርዓት አልተማሩም» አልሁ። እርሳቸው ግን ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አደገደጉ፤ ውኃ አሙቀው፥ ተንበርክከው እግሬን አጠቡኝ።

በማግሥቱ መንገድ የመራኝ ልጃቸው እያፈረ፥ «ጌታዬ፥ አባቴ ምን በደሉዎ? አፍዎን በጋቢ ሸፍነው አመሹ። በእኛ ዘንድ እንዲህ የሚቀመጥ መኰንን በሎሌው ፊት ነው» አለኝ። ፊቴ በኀፍረት ተቃጠለ። በአገራቸው ትሕትና የሚታየው በትከሻ ነው እንጂ በራስ አይደለም። ባርኔጣዬ ወርዶ ነበር፤ ልቤ ግን አልወረደም።

ስመለስ ወደ ቤታቸው ገብቼ፥ ጋቢዬን ከትከሻዬ አውርጄ ይቅርታ ለመንኋቸው። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ብርዱ ነው» ብለው ሣቁ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፥ ወንድ በጸሎት ጊዜ ራሱን እንዳይሸፍን አስተማረ፤ በኦሪት ዘጸአት ግን አሮን ሲያገለግል መጠምጠሚያ እንዲያደርግ ታዘዘ። ምልክቱ ልዩ ልዩ ነው፤ የሚፈለገው አክብሮት ግን አንድ ነው። ምልክቱን የያዘ ሁሉ ነገሩን የያዘ አይምሰለው። በዚያው በስሜን ደጃዝማች ውቤ ሊነግሡበት አስበው የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሳነጹ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ድል ሆኑ፥ በዚያም ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ ሆኑ። የንጉሥ ዘውድ እንኳ ከታሰበለት ራስ ወደ ሌላ ራስ የሚያልፍ ከሆነ፥ በባርኔጣ መመካት ምንድር ነው?

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ ወደ ሰው አገር በገባህ ጊዜ አክብሮት በምን እንደሚገለጥ አስቀድመህ ጠይቅ። በአንተ ሥርዓት ሌላውን አትፍረድ፤ የእርሱንም ሥርዓት በመማር አክብረው። ስለ ራሱ መሸፈኛ ልትፈርድ በቃጣህ ጊዜም፥ እግርህን የሚያጥበውን እጅ ተመልከት።